ጉዳዩ፦ መብራት ስለማብራት

አስመላሽ ወልደገሪማ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ካዛንቺስ በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት መብራት ሲያጠፋ ኖሯል። የቅጥር ደብዳቤው «የጥገና ሠራተኛ» ነው የሚለው። እርግጥ በር ይጠግናል፣ ቧንቧ ያጠብቃል፣ እግሩ የተሰበረ ዴስክ ይቸነክራል። እሱ ግን እነዚህን እንደ ትርፍ ሥራ ነው የሚቆጥራቸው። የእረፍት ደወል ሲደወል አንድ ሺህ ልጅ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ አስመላሽ በልጆቹ መሃል እየተጋፋ ወደ ውስጥ ይገባና ከክፍል ክፍል እየዞረ ያጠፋል። ልጆቹ «ጋሽ አጥፋው» ብለው ስም አወጡለት። ስሙን መጀመሪያ ያወጡት ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ሊያስመዘግቡ ይመጣሉ፤ ከልደት ካርዱና ከፎቶግራፉ ጋር ስሙንም ለልጆቻቸው አስረክበው ይሄዳሉ።

ያደገው ላንቻ ነው፤ ሰባት አባወራ በአንድ ቆጣሪ በሚኖርበት ግቢ። በዚያ ግቢ አንድ አምፖል ለሁለት ቤት ነበር። ሁለቱን ቤት በሚለየው የጭቃ ግድግዳ አናት ላይ የጫማ ሳጥን የምታክል ቀዳዳ ትበጅና አምፖሉ መሃሏ ላይ ይንጠለጠላል፤ ግማሹ ብርሃን ለነአስመላሽ፣ ግማሹ ለጎረቤታቸው ለእትዬ ሸዋአየሁ። ማብሪያ ማጥፊያው ያለው በእትዬ ሸዋአየሁ በኩል ነው። እትዬ ሸዋአየሁ ማታ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ በቀዳዳው በኩል «ደህና እደሩ» ይሉና ቀጭ ያደርጉታል። ከወዲያ በኩል ማን ምን እያነበበ እንደነበረ ጠይቀው አያውቁም፤ በነአስመላሽ ቤትም መጠየቅ ነበረባቸው ብሎ ያሰበ የለም። አስመላሽ በስምንተኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን የመጨረሻ ሁለት ምዕራፎች እስከ ዛሬ አያውቃቸውም። ቢሆንም ቂም አልያዘም። እንዲያውም ቁም ነገረኛ ሰው ማለት በሰዓቱ የሚያጠፋ ሰው ነው የሚል እምነት ይዞ አደገ። እትዬ ሸዋአየሁ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ግቢውም ፈርሷል። አስመላሽ ግን አሁንም ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን አንድ ሰው ደህና እደሩ የሚለው ይመስለዋል።

በትምህርት ቤቱ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ነገር ነበር፤ የሦስተኛ ክፍል ሕንፃ። አራት ክፍል ነው፣ በብሎኬት የተሠራ፣ መስኮቱ ትንሽና ከፍ ያለ፣ ኮርኒስ የሌለው። ጠዋት ልጆቹ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ይማራሉ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ይግልና ያልባቸዋል፤ ዝናብ ሲመጣ በቆርቆሮው ጩኸት አስተማሪዋ ማስተማሯን ታቆምና ዝናቡ እስኪጨርስ ትጠብቃለች። አስመላሽ እንደተቀጠረ ሰሞን ለዚህ ሕንፃ መላ ፈልጎለት ነበር። ላንቻ የተማረውን አመጣ፤ በክፍሎቹ መካከል ያለውን ግድግዳ ከላይ ቀደደና አንዱን ረጅም ፍሎረሰንት ለሁለት ክፍል አካፈለው። አራት ክፍል፣ ሁለት መብራት። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ጠዋት በሰልፍ ላይ ስሙን ጠርተው አስጨበጨቡለት።

ከዓመታት በኋላ በስተምሥራቅ፣ በካዛንቺስ በኩል፣ ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆመና የጠዋቷ ፀሐይ ቀረች። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ተከራይ ያልገባበት ፎቅ ሳይቀር ሌሊቱን ሲበራ ያድራል። አስመላሽ በዚያ በኩል ሲያልፍ ቀና ብሎ አያይም።

ስድሳ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ሰኔ ሠላሳ ጡረታ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት የሦስተኛ ክፍል ሕንፃ ጣራና መስኮት ሲቀየር ማየት ይፈልጋል። ሌላ የሚፈልገው ነገር እንደሌለ ለሚስቱ ለትርሓስ ነግሯታል፤ ትርሓስም «ሌላማ መቼ ፈልገህ ታውቃለህ» ብላዋለች። ስለ ሕንፃው እስካሁን ዘጠኝ ደብዳቤ ተጽፏል። ለዘጠኙም መልስ መጥቷል። ዘጠኙም በቀጣዩ በጀት ዓመት ይታያል ይላሉ።

መጋቢት ላይ ወሬ መጣ። አንድ ፕሮጀክት በከተማው አምስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን መርጦ ኃይል ቆጣቢ ሊያደርጋቸው ነው ተባለ፤ ሙቀትና ብርድ የማያሳልፍ ጣራ፣ ሰፋፊ መስኮት፣ አዲስ መብራት፣ ከላይ ደግሞ የፀሐይ ኃይል። ወሬውን ተከትላ ሳምራ መጣች። ኢንጂነር ናት፤ አስመላሽ ማጥፋት በጀመረበት ዓመት የተወለደች። ከሂጃቧ በላይ ቢጫ ሄልሜት ደፍታ፣ ትከሻዋ ላይ የመለኪያ ቦርሳ አንግታ «የኤሌክትሪኩ ኃላፊ ማነው?» አለች። ሁሉም ወደ አስመላሽ ጠቆመ።

የቆጣሪውን ሳጥን ከፈተላት። ሳምራ አየች። ስልኳን አውጥታ አሰላች። እንደገና አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ቆጣሪ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ማለቴ… አንድ ሺህ ተማሪ አላችሁ አይደል? የወር ፍጆታችሁ የአክስቴን ፀጉር ቤት አያክልም እኮ።»

«አክስትሽ ታባክናለች» አለ አስመላሽ።

ሳምራ አልሳቀችም። ከቆጣሪው በፊት በስውር የተቀጠለ መስመር ይኖር እንደሆነ ብላ ግማሽ ቀን ሙሉ ሽቦ እየተከተለች ዞረች። ጣራ ላይ ወጣች፤ መጋዘን ገባች። አስመላሽ መሰላሉን ተሸክሞ ከኋላዋ ይከተላል። ዘበኛው ኢብሮ ከበሩ ላይ ሆኖ ሲያያቸው ዋለና አስመላሽ በአጠገቡ ሲያልፍ ጠራው።

«አስሜ! ልጅቷ ሌባ እየፈለገች ነው አሉ።»

«ሥራዋ ነው።»

«መሰላሉን ደግሞ ሌባው ራሱ ይዞላታል። እንዲህ ያለ ትሁት ሌባ አይቼ አላውቅም።»

ሳምራ አሥር ሰዓት ላይ አቧራ ለብሳ ወረደች። «ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ። ሌላ ነገር ጠርጥሬ ነበር። ንጹሕ ናችሁ» አለች። ትንሽ ቆየችና «ችግሩም እሱ ነው» ብላ ጨመረች።

«ንጽሕናችን?»

«የሚመረጠው በቁጠባ ነው። ማለቴ፣ አሁን የምትጠቀሙት ይለካል፤ ከእድሳቱ በኋላ የምትጠቀሙት ይገመታል፤ ልዩነቱ ነጥብ ይሆናል። እናንተ ግን በቃ የሚቀነስ ነገር የላችሁም። ሲስተሙ ላይ ሳስገባው ዜሮ ነው የሚለኝ።»

«ሌሎቹስ?»

«ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ያለው አንዱ በጣም አሪፍ ነው። የቢሮው ሂተር ቀኑን ሙሉ ይነዳል፤ ኮሪደሩ ሌሊቱን ይበራል። አንደኛ መውጣቱ አይቀርም።»

አስመላሽ የቆጣሪውን ሳጥን ቀስ ብሎ ዘጋው። «ስለዚህ የሚያባክነው ይሸለማል።»

«ሽልማት አይደለም ጋሼ። ፕሮጀክት ነው።» ስትሄድ፣ የሚያዝያ ወር ካለቀ በኋላ ሁለተኛ ልኬት እንዳለ፣ የመጨረሻው ውሳኔም በእሱ እንደሚሆን ነገረችው።

ይህን ለዳይሬክተሯ ለወይዘሮ ተናኘወርቅ አመለከተ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡ፤ መልሰው አደረጉት።

«ጋሽ አስመላሽ፣ ለአንድ ወር አያጥፉ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። የክፍሉን፣ የቢሮውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን። ቅዳሜና እሑድም ይብራ። ለሕንፃው ሲባል ነው።»

«በጽሑፍ ይሰጠኝ።»

«ምን በጽሑፍ?»

«ነገ ተቆጣጣሪ መጥቶ ይሄን ሁሉ ማን አበራው ቢለኝ ምን እላለሁ? እኔ በዚህ አልታወቅም።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሥራ በሥርዓቱ እንዲሄድ የሚወዱ ሴት ናቸው። ደብዳቤው በማግሥቱ ወጣ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው። ጉዳዩ፦ መብራት ስለማብራት ይላል። ከሚያዝያ አንድ እስከ ሠላሳ ድረስ የትምህርት ቤቱ መብራቶች በሙሉ ያለማቋረጥ እንዲበሩ፣ ይህን ተላልፎ የሚያጠፋ ማንኛውም ሠራተኛ ተጠያቂ እንደሚሆን ያትታል። ግልባጭ ለመምህራን፣ ግልባጭ ለጥበቃ፣ ግልባጭ ለማስታወቂያ ሰሌዳ። አስመላሽ ፈርሞ ተቀበለ። ኢብሮ የራሱን ግልባጭ ሁለት ጊዜ አነበበው።

ሚያዝያ አንድ ቀን አስመላሽ ያለውን መብራት ሁሉ አበራና ወደ ቤቱ ሄደ። እራት ቀረበ። አልነካውም።

«ምን ሆነሃል?» አለች ትርሓስ።

«በርቷል።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

ትርሓስ ሰው የሞተ መስሏት ነበርና ትንፋሿን ለቀቀች። «በል ብላ» አለችውና ወደ ማድቤት ገባች። አስመላሽ ተነሥቶ የማድቤቱን መብራት አጠፋና መጥቶ በላ። ትርሓስ ከማድቤት ውስጥ «ኧረ እኔ እዚህ ነኝ» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ጨልሞ ጠበቀው። ኢብሮን ተጠራጠረ።

«እኔ?» አለ ኢብሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ተጠያቂ ልሁን? ግልባጭ አለኝ እኮ!»

ነገሩ ሲጣራ፣ አስመላሽ ከሄደ በኋላ ከክፍል ሲወጡ ያጠፉት ልጆቹ ናቸው። የየክፍሉ አለቃ ከሁሉም ኋላ ወጥቶ መብራት እንዲያጠፋ ያስተማራቸው አስመላሽ ራሱ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ለልጆች አልደረሰም። ልጆቹ ሲነገራቸው አስተማሪዎቹ አስቸገሩ። ከክፍል ሲወጡ እጃቸው ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ወይዘሮ ተናኘወርቅ እንኳ ቢሯቸውን ቆልፈው ከወጡ በኋላ «ውይ!» ብለው ተመልሰው ያበራሉ፤ ሲወጡ መልሰው ያጠፋሉ። አስመላሽም ራሱን ተቆጣጥሮ ዘጠኝ ቀን ከቆየ በኋላ በአሥረኛው ቀን መጸዳጃ ቤት ውስጥ እጁ ማጥፊያው ላይ ሆኖ አገኘው። መቼ እንደሄደ አላወቀም። እጁ ራሱን የቻለ ሠራተኛ ነበር።

በወሩ አጋማሽ በአቅራቢያው የተጀመረ የመንገድ ሥራ መሬት ሲቆፍር የኤሌክትሪክ መስመር በጠሰና ሰፈሩ ዘጠኝ ቀን መብራት አጣ። ግንቦት ሁለት ሳምራ መጥታ ቆጣሪውን ስታነብ ፍጆታው ከበፊቱም በትንሹ ዝቅ ብሏል።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ሳምራ በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀች። በረንዳው ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳው አለ። አስመላሽ ሲደርስ ደብዳቤውን እስከ ግልባጩ አንብባ ጨርሳለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

አስመላሽ ደብዳቤውን አየ። እሷን አየ። «ትእዛዝ ነው» አለ።

«ልታጭበረብሩ ነበር?»

«ነበር።»

«በማኅተም?»

«በማኅተም ነው የምንሠራው።»

ሳምራ ፊቷን ወደ ሜዳው መለሰች። ትከሻዋ ለትንሽ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ስትመለስ ግን ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። «ለምንድነው ይሄን ያህል የፈለጋችሁት? ያሳዩኝ» አለችው።

ወደ ሦስተኛ ክፍል ሕንፃ ወሰዳት። ልጆቹ እረፍት ላይ ናቸው። መብራቱን አበራላት። ሳምራ ባለፈው ሽቦ ስትፈልግ ቀና ብላ አይታው የነበረውን ቀዳዳ አሁን ቆማ አየችው፤ ፍሎረሰንቱ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። ከቦርሳዋ ብርሃን መለኪያ አወጣችና የፊተኛው ዴስክ ላይ አስቀመጠችው። ሠላሳ ስምንት አለ።

«ስንት መሆን አለበት?» አለ አስመላሽ።

«ሦስት መቶ።»

የኋለኛው ዴስክ አሥራ ዘጠኝ አለ።

«ይሄ ቁጠባ አይደለም ጋሼ» አለች ሳምራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጨለማ ነው።»

ለአስመላሽ ይህ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ሥራው ከተነገረው ሁሉ አጭሩ ነበር።

ሳምራ ዴስኩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳችው። ቅጹ ውስጥ ማንም ሞልቶት የማያውቅ አንድ ገጽ አለ። መብራት ያልተጠቀሙት ቆጥበው ሳይሆን አጥተው ከሆነ፣ መጠቀም የነበረባቸው እንደተጠቀሙ ተቆጥሮ ይሰላል። ይህ ገጽ ከተሞላ ትምህርት ቤቱ ከዜሮ ተነሥቶ ከሜክሲኮው ጋር ይፎካከራል።

«ታዲያ ሙይው!»

«እኔ አይደለሁም የምሞላው። መብራቱን የያዘው ኃላፊ ነው። ክፍሎቹ በቂ ብርሃን እንዳልነበራቸው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ምክንያቱን ጽፎ በስሙ ይፈርማል።»

«ምክንያቱን?»

ሳምራ ቀና ብላ ቀዳዳውን አየች። «ማለቴ… አዎ። ምክንያቱን።»

«ነገ ልንገርሽ» አለ አስመላሽ።

ማታ ለትርሓስ ነገራት። ትርሓስ ልብስ እያጠፈች ሰማችው።

«ሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ጨለማ ውስጥ አስቀምጬ ኖርኩ ብዬ ልፈርም? ልወጣ ሁለት ወር ሳይቀረኝ?»

«ሕንፃው ይሠራ ብለህ አልነበር?»

«አንድም ልጅ አይታየኝም ብሎኝ አያውቅም እኮ፣ ትርሓስ።»

«አንተስ ለእትዬ ሸዋአየሁ አይታየኝም ብለሃቸው ታውቃለህ?»

ትርሓስ አንድ ሸሚዝ አጥፋ ሌላ አነሣች።

«ሉሊም እዚያ ነው የተማረችው» አለች።

ሉሊ ልጃቸው ናት። ዛሬ ባንክ ነው የምትሠራው። አራተኛ ክፍል ሳለች መነጽር ታዘዘላት። አስመላሽ ያን ጊዜ «ቴሌቪዥን ነው ያጠፋት» ብሎ ለዘመድ ሁሉ ተናግሯል፤ እስካሁንም እንደዚያ ይላል። ቴሌቪዥን የገዙት ሉሊ ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ ነው። ይህን ትርሓስ አላነሣችም። ሸሚዙን አጥፋ ጨረሰች።

በማግሥቱ ሰማዩ ዳምኗል፤ ቅዳሜ ነበርና ልጆች የሉም። ሳምራ እያንዳንዱን ዴስክ እየለካች ቁጥሩን ትጠራለች፤ አስመላሽ ይጽፋል። ሃያ ሁለት። ሃያ ስድስት። አሥራ ሰባት። ዴስኮቹ ላይ በእስክሪብቶ ተቆፍረው የተጻፉ ስሞች አሉ፤ ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰፈር ቀይረው የሄዱ ልጆች ስሞች። አስመላሽ ብዙዎቹን ያውቃቸዋል። ከእነሱ መካከል ጥቂቶቹ ለወራት ያህል በሁለት ታክሲ እየመጡ ተምረው ነበር፤ ከዚያ አንድ በአንድ ቀሩ።

የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ወገቡን አመመውና ተቀመጠ። ዴስኩ የልጅ ስለሆነ ጉልበቱ ደረቱ ድረስ መጣ። ሰሌዳው ላይ የዓርብ ትምህርት እንዳለ ነው።

«ምን ይላል?» አለች ሳምራ።

አስመላሽ ዓይኑን አጠበበ። «አይታየኝም። ዓይኔ ነው የኔ ልጅ፤ አርጅቻለሁ።»

ሳምራ ሄልሜቷን አውልቃ አጠገቡ ተቀመጠች። አንገቷን ወደ ፊት ሰገግ አደረገች።

«እኔም አይታየኝም» አለች።

ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ሰሌዳውን አዩ። ሳምራ ቅጹን ዘርግታ ጣቷን ‹ከመቼ ጀምሮ› የሚለው ቦታ ላይ አሳረፈች። «ፎቁ ፀሐዩን ከከለለ ወዲህ ብለው መጻፍ ይችላሉ። ስምንት ዓመት ነው አይደል? ስምንትም ይበቃል። ነጥቡ አይለወጥም።»

አስመላሽ እስክሪብቶውን ያዘ። ስምንት ጥሩ ቁጥር ነው። ስምንት ብሎ ቢጽፍ ጥፋቱ የፎቁ ነው፤ የፎቁን ባለቤት ደግሞ ማንም አያውቀውም።

ውጭ ማካፋት ጀመረ። ጠብታዎቹ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፉ አስመላሽ አንድ ነገር ትዝ አለው። እንደተቀጠረ ሰሞን፣ ፎቁ ሳይኖር፣ ሰማይ ሲጠቁር የዚህ ክፍል ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ወደ በሩ ይሰበሰቡ ነበር። ደጃፉ ላይ ተደራርበው፣ አንዱ በአንዱ ጀርባ ላይ ደብተሩን አስደግፎ። አስመላሽ መሰላሉን ተሸክሞ ሲያልፍ ያያቸዋል። ልጆች ዝናብ ማየት ይወዳሉ ብሎ አስቦ ነበር። በየዓመቱ እንደዚያ እያሰበ አለፈ።

«ጋሼ?»

«ሃያ ስድስት ነው» አለ አስመላሽ።

ጻፈው። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «አንዱን መብራት ለሁለት ክፍል ያካፈልኩት እኔ ነኝ። የሚበቃ መስሎኝ ነበር» ብሎ ጻፈ። ሙሉ ስም በሚለው ላይ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ አሰፈረ፤ ፈረመ። ቀኑን ጻፈ። ሳምራ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ባይኖርም እንደሚቻል ነገረችው። አስመላሽ ይኑር አለ።

ሰኞ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ገጹን አነበቡ፤ ማኅተም አደረጉበት። ከዚያ ወደ በረንዳው ወጥተው የሚያዝያውን ደብዳቤ በገዛ እጃቸው ከሰሌዳው አነሡት።

ሰኔ አጋማሽ ላይ የተመረጡት አምስቱ ትምህርት ቤቶች ታወቁ። የሜክሲኮው አንደኛ ወጣ። እነሱ አራተኛ ናቸው። ሠራተኞች መጥተው የሦስተኛ ክፍልን ሕንፃ ቆርቆሮ ማውረድ የጀመሩት ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ስለዚህ አስመላሽ ሁለት ቀን ቆሞ አየ።